ለብቻ ብራይተን ደርሶ መልስ

የእንግሊዟ የባሕር ዳር ከተማ ብራይተን ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከጠዋቱ የሥራ ሰዓት ግርግር በኋላ ሂድ፣ ትኬቱ ይረክሳል። ከጣቢያው ወጥተህ ቀጥ ብለህ ቁልቁል ከወረድክ ባሕሩን ታገኘዋለህ፣ ካርታም አያስፈልግህ። አሸዋ ከጠበቅክ ግን ተሸውደሃል! ዳርቻው ጠጠር ብቻ ስለሆነ በባዶ እግር መሄድ ፍዳ ነው፣ እኔ በነጠላ ጫማ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ አድርግ፣ የምትቀመጥበት ፎጣም ያዝ። ልትዋኝ ካሰብክ ዕቃህን የሚጠብቅልህ ስለሌለ ውድ ነገር ቤት ተው፣ ሕይወት አድን ሠራተኞች ባሉበት በቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ መሃል ብቻ ግባ። እ.ኤ.አ. በ1899 የተከፈተውን ፓላስ ፒር፣ ማለትም ወደ ባሕሩ ዘልቆ የተሠራውን የመዝናኛ ድልድይ፣ እይ። ዓሣና ቺፕስህን ደግሞ ከላይ ሸፈን አድርገህ ብላ፣ የባሕር ወፎቹ ከእጅህ ነው የሚነጥቁህ።