ለቅሶ ቤት ለማገዝ ስትሄዱ

«ምን ላግዝ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሐዘንተኛ ምን እንደጎደለ አያውቅም፤ መልሱ «ምንም፣ አረፍ በሉ» ነው። እግዜር ያጥናችሁ ብላችሁ በቀጥታ ወደ ጓዳ ግቡና ሰው ያልያዘውን ሥራ ያዙ።

ቶሎ የሚያልቀው ውኃ ነው። ሰፈሩ ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ መምጣት ከአንድ ካርቶን ለስላሳ ይበልጣል።

ለንፍሮ ስንዴውንና ሽምብራውን ለቅማችሁ ለየብቻ ከማታው ዘፍዝፉ። ሽምብራው ስለሚዘገይ ቀድሞ ይጣድ። ውኃው ሲጎድል የፈላ ጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ከሆነ መፍላቱ ይቋረጥና እንግዳ ተቀምጦ ንፍሮው ገና ጥሬ ይሆናል።

የእድሩን ሳህን፣ ብርጭቆና ወንበር ቆጥራችሁ፣ ጽፋችሁ ተረከቡ፤ አለዚያ የጎደለው ዕዳ በባለ ሐዘኑ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከጎረቤት የመጣ ድስትና ትሪ ደግሞ ይደባለቃል። ለምልክት የሚለጠፍ ፕላስተር እጥበት ላይ ይላቀቃል። በጥፍር ቀለም በክዳኑ ውጭ በኩልና በትሪው ጀርባ ነጥብ አድርጉ፣ የየቤቱ ቀለም ወይም የነጥብ ቁጥር ይለያይ።

ከሥራ አንድ ቀን ብቻ ፈቃድ የምታገኙ ከሆነ (ቀብሩ ላይ ሰው አይጠፋም) ለሰልስት ማግስት አድርጉት። ሰው የሚበተነው፣ ዕቃ የሚታጠበውና የሚመለሰው ያን ጊዜ ነው። ለሞት ምዝገባ ወደ ወረዳ የሚሄድም አጃቢ ይፈልጋል፤ የሟችን መታወቂያና የሆስፒታሉን ወረቀት በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ያዙለት።