የቤት ውስጥ ጌም ክፍል እንዴት ይሠራል? ከቴሌቪዥኑ በፊት ኮረንቲው

ጌም ክፍል ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቴሌቪዥን ነው። ስንት ኢንች ይሻላል? ፎር ኬ ግድ ነው? ቀጥሎ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፈው ባለቀለም መብራት ይመጣል። እኔ ደግሞ መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ክፍሉ ኮረንቲ የሚያገኘው ከየት ነው? ብዙ ጊዜ መልስ የለም። ገንዘቡ የሚቃጠለው ግን እዚያ ጋ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ግቢ ቤትም ሆነ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ክፍል ለጌም ለይቶ መሥራት ለሚፈልግ ሰው የሚሆን ነው። ፕሌይስቴሽን እያልኩ የማወራው ብዙ ሰው ቤት ያለው እሱ ስለሆነ ነው። ለኤክስቦክስም አብዛኛው ነገር ያው ነው።

ክፍሉን መምረጥ

ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ካለ እሱን ውሰዱ። ከዋናው ቤት ስለሚርቅ ማታ ጎል ሲገባ የሚጮኸው ጓደኛችሁ ማንንም አይቀሰቅስም። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ይበቃል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከጎረቤት መኝታ ቤት ጋር ግድግዳ የማይጋራውን ክፍል ምረጡ።

ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። ቢጫ ክብ ምልክት ካለ ጣሪያው ያፈሳል ማለት ነው። በጋ ላይ አይታወቅም፣ ሐምሌ ላይ ቴሌቪዥኑ ላይ ይንጠባጠባል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሲጥል የኮሜንታተሩ ድምፅ ጨርሶ አይሰማም። ቀለሙ የተላጠና ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣ ግድግዳም እርጥበት አለው፣ ዕቃ አታስጠጉበት።

ኮረንቲው

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ።

የአክስቴ ልጅ ሰርቪሱን አጽድቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሃምሳ አምስት ኢንች ሰቅሎ ጀለሶቹን ጠራ። ጨዋታው ሞቋል፣ ሁሉም ከመቀመጫው ተነስቶ ነው የሚጫወተው። ጎን ያለው ኩሽና ውስጥ ምጣድ ተሰካ። ስክሪኑ ጨለመ፣ ራውተሩ ጠፍቶ በራ፣ ፕሌይስቴሽኑ ጢጥ ብሎ ጠፋ። መብራት ኃይልን ረገሙ። መብራቱ ግን አልሄደም ነበር። ከዚያ በኋላ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ጌም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቪስ ቤቶች ላይ ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት የሚመጣው አንድ መስመር ብቻ ነው። ኩሽናውም፣ ክፍሎቹም፣ ሻወሩም ከእሱ ይካፈላሉ። በ16 አምፒር ብሬከር የሚጠበቅ መስመር በ220 ቮልት ሊሸከም የሚችለው ወደ 3,500 ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ያን ያህል ይበላል። የቀረው ዕቃ ሁሉ ትርፍራፊውን ነው የሚሻማው። ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ ደግሞ ብሬከሩ ባይወርድ እንኳ ቮልቴጁ ይወርዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ኤሌክትሪሺያን ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ለጌም ክፍሉ ብቻ የሚሆን መስመር ያስወጣላችሁ። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ያለው። «ከዚህች ሶኬት ላይ እንቀጥለው፣ ምንም አይል» ካላችሁ እሺ አትበሉት። ሽቦው ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው ቀለም ከተቀባ በኋላ ግድግዳ ሲሰበር ነው።

ቀጥሎ መከላከያ። ሰዎች የሚፈሩት መብራት ሲሄድ ነው። መፍራት ያለባችሁ ሲመጣ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰፈሩ ላይ ኒውትራል (የኮረንቲው መመለሻ ሽቦ) ሲቆረጥ የሚሆነው ነው። ያኔ 220 ይገባ የነበረበት ቤት እስከ 380 ሊጠጋ ይችላል። በአንድ ምሽት የአንድ ግቢ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ሁሉ ተቃጠለ ሲባል የምትሰሙት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠመው ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው። ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ዕቃ ነች። ቮልቴጁ ከተሞላላት ገደብ ካለፈ ወይም ከወረደ ትቆርጣለች፣ ሲስተካከል ትንሽ ጠብቃ ትመልሳለች። በእኔ እምነት ለጌም ክፍል ከሚገዛው ሁሉ ዋጋዋን በደንብ የምትመልሰው እሷ ናት።

ስታብላይዘርስ (ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ዕቃ)? ማታ ማታ መብራቱ የሚደክምበት ሰፈር ከሆናችሁ ያስፈልጋችኋል። ሰፈራችሁ ደህና ከሆነ ፕሮቴክተሯ ትበቃለች። የአሁኖቹ ፕሌይስቴሽኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ መጠነኛ መውረድ አይገድላቸውም። አሜሪካ ያለ ወንድም የላከው ኤክስቦክስ 360 ወይም የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። የእነሱ ፓወር ብሎክ ለ110 የተሠራ ነው፣ በቀጥታ 220 ላይ አይሰካም። ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ከባትሪ የሚሰጠውን) ግዙ። ግን ለምን እንደምትገዙት እወቁ። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ሲጫወት 200 ዋት አካባቢ ይበላል። ሃምሳ አምስት ኢንች ቴሌቪዥን ከመቶ ዋት በላይ ይጨምራል። ራውተሩ ኢምንት ነው። 1,000 ቪኤ የሆነች ዩፒኤስ ይሄን ትሸከማለች፣ ግን ለደቂቃዎች ብቻ። ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ጨዋታ ለመጨረስ አይደለም። «ሁለት ሰዓት ያጫውታል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤሶች ደግሞ ከባትሪ የሚሰጡት ኮረንቲ ንጹሕ አይደለም፣ ፕሌይስቴሽኑም ሊጠፋባቸው ይችላል። ከተቻለ ሱቁ ውስጥ ራሳችሁ ሰክታችሁ፣ ከሶኬት ነቅላችሁ ሞክሩ።

ፕሌይስቴሽኑን ደግሞ በረስት ሞድ አትተዉት። ተኝቶ ሳለ መብራት ከሄደ በትክክል እንዳልጠፋ ይቆጥረዋል። ሲነሳ ስቶሬጁን ልጠግን እያለ ያስጠብቃችኋል፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ካለ ደግሞ ዳታው ሊበላሽ ይችላል።

ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር መሰካት ምን እንደሚያመጣ መቼም አይነገራችሁም።

ኤችዲኤምአይ

ይሄኛው ጥቃቅን ይመስላል፣ ግን ጠጋኞች ጋ ከሚሄዱት ፕሌይስቴሽኖች ብዙዎቹ በዚህ የተጎዱ ናቸው። የፕሌይስቴሽን ገመድ ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው፣ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወስድ መስመር) የለውም። ብዙ ቴሌቪዥኖችም እንደዚያው ናቸው። ዕቃው እንደተሰካ የኤችዲኤምአይ ብረቱን ስትነኩ ቀስ ብሎ የሚነዝራችሁ ለዚህ ነው። ያቺ ትንሽ ንዝረት እጃችሁን አትጎዳም፣ ፖርቱን ወይም ቺፑን ግን ልትገድለው ትችላለች። ስለዚህ ኤችዲኤምአይ ከመሰካታችሁም ከመንቀላችሁም በፊት ሁለቱንም ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ገመዱ ደግሞ ትንሽ ይርገብ። ተወጥሮ ከቆመ አንድ ሰው ሲጠልፈው የሚሰበረው ገመዱ ሳይሆን ፖርቱ ነው።

ቴሌቪዥንና መቀመጫ

ሁለቱን አንድ ላይ ነው የማያቸው፣ ምክንያቱም የቴሌቪዥኑን ከፍታ የሚወስነው መቀመጫው ነው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ አንድ ሜትር ከአሥር አካባቢ ነው። አሁን ብዙ ሰው የሚወደው መጅሊስ ላይ ግን ሰማንያ ሴንቲ ላይ ይወርዳል። የስክሪኑ መሃል ዓይን ትይዩ ይሁን። ሆቴል ሎቢ ይመስል ጣሪያ ሥር ሰቅሎ አንገትን አንጋጦ ሁለት ሰዓት መጫወት ቅጣት ነው። መጀመሪያ መቀመጫውን አስገቡ፣ ተቀመጡበት፣ አንድ ሰው በሜትር ዓይናችሁን ይለካ፣ ከዚያ ግድግዳው ይበሳ።

ርቀቱ ለ43 ኢንች አንድ ሜትር ተኩል፣ ለ55 ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ክፍሉ ሦስት በሦስት ከሆነ 65 ኢንች ከምትገዙ ልዩነቱን ለወንበር አውሉት።

ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ ይሽከረከራል፣ አይነክስም። ኮለን ከተገኘ እሱ ላይ ስቀሉ። ካልተገኘ ረዥም ፊሸር፣ ድሪሉ ላይ ሀመሩ ጠፍቶ፣ በቀስታ። ጭቃ ቤት ወይም ጂፕሰም ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ክርክር የለውም።

መስኮት ከስክሪኑ ፊት ለፊት ካለ ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ላይ ጌም ሞድ የሚለውን ማብራት አትርሱ፣ ጆይስቲክ ተጭናችሁ ተጫዋቹ ዘግይቶ የሚንቀሳቀስባችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ስላልበራ ነው። ባለቀለም መብራት ከወደዳችሁ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ለጥፉት፣ እዚያ ቢያንስ ዓይን ያሳርፋል። ሌላ ቦታ ላይ ግን ለፎቶ ብቻ ነው።

ሙቀትና አቧራ

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ ፕሌይስቴሽን አይግልም ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም መስታወት ባለው የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ውስጥ አታፍኑት። በየአቅጣጫው ቢያንስ አሥር ሴንቲ ክፍት ይሁን። ምንጣፍ ላይም አይቀመጥ።

ቡና የሚፈላው እዚያው ክፍል ውስጥ ከሆነ የዕጣኑ ጭስ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ፋኑ ላይ ይጣበቃል። ቡናውን ውጭ አድርጉት ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ፕሌይስቴሽኑን ግን ራቅ አድርጉት። ሌላው ጠላት በረሮ ነው። ሙቅና ጨለማ ቦታ ስለሚወድ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ሞቶም ሾርት ያደርጋል። ክፍሉ ውስጥ ቆሎና ፈንዲሻ ከተበላ በዚያው ማታ ይጠረግ።

ድምፅ

የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድምፅ አያስቀርም። ስፖንጁም ቢሆን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ወደ ጎረቤት የሚሄደውን አይከለክልም። ድምፅ በብዛት የሚያመልጠው በበሩ ሥር ነው። እዚያ ጎማ አስለጥፉ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሄድፎን።

ፕሌይስቴሽኑንና ጌሞቹን መግዛት

ዲስክ የሚቀበለውን ግዙ። የፕሌይስቴሽን ስቶር አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችም፣ ስለዚህ ሰው የሌላ አገር አካውንት ይከፍትና በጊፍት ካርድ ይሞላል። ካርዱ አካውንቱ የተከፈተበት አገር መሆን አለበት፣ የአሜሪካ አካውንት ላይ የዱባይ ካርድ አይሠራም። ዲስክ ግን ትገዛላችሁ፣ ትጫወታላችሁ፣ ሲሰለቻችሁ ትሸጣላችሁ ወይም ትለዋወጣላችሁ። ዲጂታል ጌም አይሸጥም።

ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ስትገዙ ሜኑውን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ዲስክ አስገብታችሁ ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ፣ ፋኑን አዳምጡ፣ ኤችዲኤምአዩን በቀስታ ነካ ነካ አድርጉት። ምስሉ ከተቆራረጠ ተዉት። ጆይስቲኩ ሳይነካ ተጫዋቹ ከሄደ አናሎጉ አልቋል። ጄልብሬክ የሆነ (የፋብሪካ መቆለፊያው የተሰበረ) ፕሌይስቴሽን 4 ብዙ ጌም ተጭኖበት በርካሽ ይሸጣል፣ ያጓጓል። ኦንላይን መጫወት ግን እርሱት፣ ከገባችሁ ሊታገድ ይችላል።

ኢንተርኔት

ራውተሩ ዋናው ቤት ካለ ዋይፋይ በሁለት ግድግዳ አልፎ ሰርቪስ ሲደርስ ደክሞ ነው። የኮረንቲው መስመር ሲዘረጋ አብሮ የኔትወርክ ኬብልም ይዘርጋ፣ በራሱ ቱቦ። የጌሞቹ ሰርቨር ባሕር ማዶ ስለሆነ መዘግየቱ ጨርሶ አይጠፋም። ኬብል ቢያንስ መቆራረጡን ያስቀራል። ትልልቅ ጌሞች ከመቶ ጊጋ ያልፋሉ፣ ማውረድ ያለባችሁን ሌሊት አስጀምሩት።

ከ2023 ጀምሮ የመጣውን ቀጭኑን ፕሌይስቴሽን 5 ገዝታችሁ ዲስክ ማጫወቻውን ለብቻ ከገጠማችሁለት ደግሞ ይሄን ልብ በሉ። ማጫወቻው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ያለዚያ ዲስክ አያነብም። አዲስ ዲስክም ሲገባ አፕዴት ይጠይቃል። ፊፋም በሉት ኢኤ ኤፍሲ፣ ሰው ቤታችሁ ሲመጣ ሳይሆን ከአንድ ቀን በፊት አስገቡት። ጓደኞቻችሁ መጅሊሱ ላይ ተደርድረው የአፕዴቱን ፐርሰንት እንዳይቆጥሩ።