ጅማ ውስጥ ውሾች ተፈተው የሚሮጡበት ሜዳ ለመስራት ካሰባችሁ

የግቢ ውሻ ኑሮ ይታወቃል። ቀን ሰንሰለት፣ ማታ ጥበቃ። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ነጭናጫ ይሆናል፣ በአላፊ አግዳሚው ሁሉ ላይ ይጮሃል፣ አንድ ቀን ሰንሰለቱ ሲበጠስ ደግሞ ጣጣው ለሰፈሩ ነው። የታጠረ ሜዳ ይህን ያቀላል። አጥርና በር በገንዘብ ይሰራሉ፤ አስቸጋሪው ስምምነቱ ነውና ከሱ ጀምሩ።

መጀመሪያ ውሻ የሌላቸውን አነጋግሩ። ያላቸው ሳትጠሯቸውም ይመጣሉ። የውሻ ልጋግ የነካው ልብስ ለሶላት መታጠብ አለበት የሚሉ ጎረቤቶቻችን ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ በሩ ወደ መስጊድ በሚወስደው መንገድ ላይ አይከፈት፣ የቤተክርስቲያን ደጃፍም አይሁን። ሽማግሌዎችን፣ የዕድሩን ዳኛ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን እናቶች "የት ቢሆን ይሻላል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ራሳቸው ቦታ ይጠቁሟችኋል። "እዚህ ልንሰራ ነው" ካላችሁ ግን አበቃ። ቀጥሎ ቀበሌ። ፈቃዱን በጽሁፍ ያዙ፤ የቃል ፈቃድ ሊቀመንበሩ ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን ሜዳ ደግሞ እንዳትመኙት።

የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካው ኬኔል ክለብ ለእንዲህ ያለ ሜዳ ቢያንስ አንድ ኤከር ይመክራል፣ 4,000 ካሬ ሜትር ገደማ። እኛን ሰፈር መሃል ይህን ያህል የሚሰጠን የለም። ቦታው ካነሰ በአንዴ የሚገቡትን ውሾች ቀንሱ፣ በቃ።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ ሜዳችሁን ቀድሞ የሚያበላሸው ጭቃ ነው። አዌቱ ወንዝ ዳር ያለ ረባዳ ቦታ በበጋ ቢያምርም ሐምሌ ላይ አይገባበትም። ትንሽ ተዳፋት ያለውን ምረጡ፣ ከላይ በኩል ጎርፉን የሚመልስ ቦይ ቆፍሩ፣ ሳሩ ቶሎ የሚያልቀው በሩ አካባቢ ስለሆነ እዛ ጠጠር አፍስሱ። ጉሎ ካለ ከነሥሩ ንቀሉት፣ ፍሬው ለውሻ መርዝ ነው። የቡና ፍሬም ካፌይን ስላለው ውሻን ይጎዳል፤ ቡና በየጓሮው ባለበት ከተማ ይህን ማንም አያስበውም። ትልቅ ዛፍ ካለ አትንኩት፣ ጥላ ነው።

አጥሩ ከ1.20 እስከ 1.80 ሜትር ከፍታ ይኑረው። ጠባቂ ውሾቻችን ዘላይ ናቸውና ወደ ላይኛው አድሉ። የባህር ዛፍ ቋሚ ርካሽ ነው፣ ግን ምስጥ አለ፤ መሬት የሚገባውን ጫፍ ብቻ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብታችሁ አድርቁት። ከዛ ወንፊት ሽቦ ወጥሩ። እሾሃማ ሽቦ በፍጹም። ውሻ ስለሚቆፍር ከስር 30 ሳንቲም ያህል ቅበሩት ወይም ድንጋይ ደርድሩበት።

በሩ ሁለት መሆን አለበት፣ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። በሁለቱ መሃል አንድ ሰው ከነውሻው የሚያስቆም ትንሽ ክፍል ይኖራል። የውጭውን ከፍታችሁ ትገባላችሁ፣ ትቀረቅራላችሁ፣ ሰንሰለቱን እዛው ትፈታላችሁ፣ ከዛ የውስጡን ትከፍታላችሁ። ከነሰንሰለቱ ወደ ሜዳው ማስገባት ጸብ መጥራት ነው፤ የታሰረ ውሻ በተፈቱ ውሾች ሲከበብ መሸሽ ስለማይችል ይነክሳል። መቀርቀሪያው በአንድ እጅ የሚከፈት ይሁን፣ ሌላው እጃችሁ ውሻ ይዟል።

ክትባት ላይ ድርድር የለም። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ፣ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፣ ከዛም በየጊዜው ይታደሳል። ካርድ የሌለው አይገባም፣ የሜዳው ኮሚቴ ሊቀመንበር ውሻም ቢሆን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ባለሙያ ጋብዛችሁ የሰፈሩን ውሾች በአንድ ቀን ማስከተብ ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ። ይህን በሩ ላይ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጻፉት።

አካፋና ክዳን ያለው ባልዲ በሩ ጋ ይቀመጥ። ኩሱን ከውሃ ጉድጓድ አርቃችሁ ቅበሩት፤ ትል ስለሚያስተላልፍ ለጎመን ማዳበሪያ አይሆንም። አጥንት ይዞ መግባት፣ ወንዶች የሚከተሏትን ሴት ውሻ ማምጣት፣ ያለ አዋቂ የመጣ ልጅ፣ ሁሉም ክልክል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይዘጋ፣ ከዛ ወዲያ ሰፈሩ የጅብ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን የሚተዋወቁ ሁለት ሦስት ውሾች ብቻ አስገቡ። ሰውነቱ የደረቀ፣ ጅራቱ የቆመ፣ ዓይኑን ከሌላው የማይነቅል ውሻ ካያችሁ ሳይጣላ አስወጡት፤ ባለቤቱ ከተቆጣ ይቆጣ። ቁልፉን በየሳምንቱ ተረኛ ይያዘው፣ ተረኛው ያልመጣ ቀን ሜዳው አይከፈትም።