ከቃላት ወደ እኩልታ፦ የሂሳብ የቃላት ጥያቄ እንዴት ይነበባል፣ እንዴትስ ይፈታል?

«ከአንድ ቁጥር ላይ 7 ሲቀነስ ውጤቱ 15 ይሆናል» እና «ከ7 ላይ አንድ ቁጥር ሲቀነስ ውጤቱ 15 ይሆናል» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ቃላት ነው። ቁጥሮቹም ግሦቹም አንድ ናቸው፤ የተለወጠው «ከ» የተቀጠለችበት ቦታ ብቻ ነው። ያልታወቀውን ቁጥር ሀ ብንለው ግን የመጀመሪያው ሀ − 7 = 15 ሆኖ መልሱ 22 ይመጣል፣ ሁለተኛው 7 − ሀ = 15 ሆኖ መልሱ −8 ይመጣል። የቃላት ጥያቄ የሚከብዳቸው አብዛኞቹ ተማሪዎች ስሌቱ አቅቷቸው አይደለም፤ 2ሀ − 7 = 15 ተብሎ ተጽፎ ቢሰጣቸው በሁለት መስመር ይጨርሱታል። የሚያመልጣቸው «ከ»፣ «በ»፣ «የ» እና «ለ» ናቸው፤ በአማርኛ የስሌቱን አቅጣጫ የሚወስኑት ደግሞ እነዚሁ በቃል መነሻ ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ፊደላት ናቸው።

«ከ… ላይ» የሚለው የሚቀነስበትን ቁጥር ያሳያል፤ ስለዚህ ይህ ቁጥር በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የትም ይምጣ የት፣ በእኩልታው ከመቀነስ ምልክቱ በስተግራ ይቀመጣል። «የ» ብዙውን ጊዜ የሚመራን ወደ ማባዛት ወይም ወደ ክፍልፋይ ነው፤ «የቁጥሩ ሦስት እጥፍ» 3ሀ፣ «የቁጥሩ ሲሶ» ሀ/3፣ «የቁጥሩ ሩብ» ሀ/4 ተብሎ ይጻፋል። «ለ» አካፋዩን ትጠቁማለች። «በ» ግን ሁለት ሥራ ስላላት ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የምትፈልገው እሷ ናት፤ «በ4 ሲባዛ» ሲባል ማባዣውን፣ «በ4 ይበልጣል» ሲባል ደግሞ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ትናገራለች። «በሁለት እጥፍ ጨመረ» የሚለው አነጋገር ጭራሹን ባይጻፍ ይሻላል፤ አንዱ «ድርብ ሆነ» ብሎ ሲረዳው ሌላው «በነበረው ላይ ሁለት እጥፉ ተጨመረ» ብሎ ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተማሪ ሲሳሳትበት ጥፋቱ የጠያቂው ነው፤ «ሁለት እጥፍ ሆነ» ብሎ መጻፍ ይችል ነበርና።

በየክፍሉ የተለመደ አንድ አቋራጭ አለ፤ «‹በለጠ› ካለ ደምር፣ ‹አነሰ› ካለ ቀንስ» የሚል። ይህ አቋራጭ ገደል የሚከት ነው። «አንዲት ልጅ 50 ብር አላት፤ ገንዘቧ ከወንድሟ ገንዘብ በ8 ብር ይበልጣል፤ ወንድሟ ስንት ብር አለው?» በሚለው ጥያቄ «ይበልጣል» የሚል ቃል አለ፣ ደምሮ 58 የሚል ተማሪ ግን ተሳስቷል። የወንድሟን ገንዘብ ሀ ብለን ዓረፍተ ነገሩን እንደ ተነገረ ብንጽፈው ሀ + 8 = 50 ይሆናል፤ መልሱም 42 ብር ነው። መደመሩ እኩልታው ውስጥ አለ፣ መልሱ የተገኘው ግን በመቀነስ ነው። ስለዚህ የምንተረጉመው ቃሉን ነጥለን ሳይሆን ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ነው።

አማርኛ ግሡን ከመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ፣ «ስንት ነው?» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማሰሪያው ላይ ስለሆነ፣ ከመነሻው ጀምሮ እያነበቡ ምልክት መደርደር አያዋጣም። ጥያቄው እስከ መጨረሻው ይነበብ፤ የተጠየቀው ነገር ይለይ፤ ከዚያ «ሀ = የወፎቹ ብዛት» ወይም «ሀ = የዕቃው ዋጋ በብር» ተብሎ በወረቀቱ አናት ላይ በግልጽ ይጻፍ። «ሀ = ወፎች» ብሎ ማለፍ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይታያል። ቀጥሎ «ነው»፣ «ይሆናል»፣ «ይሞላል»፣ «ያህላል» የሚሉት ግሦች ይፈለጉ፤ የእኩል ምልክቱ የሚቀመጠው በእነሱ ቦታ ነው።

በብዙ አገር በየቋንቋው የሚነገረውን የወፎች እንቆቅልሽ እንውሰድ። አንድ መንገደኛ ዛፍ ላይ ያረፉ ወፎችን አይቶ «እናንተ መቶ ወፎች፣ እንደምን ዋላችሁ?» ይላል። እነሱም «እኛ መቶ አይደለንም፤ እኛ፣ እኛን የሚያህሉ፣ የእኛ እኩሌታ፣ የእኩሌታችን እኩሌታ፣ አንተም ተጨምረህ ነው መቶ የምንሞላው» ብለው ይመልሱለታል። ወፎቹ ስንት ናቸው?

ሀ የወፎቹ ብዛት ይሁን። «እኛ» ሀ ነው። «እኛን የሚያህሉ» ሌላ ሀ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ድግግሞሽ ይመስለዋልና። «የእኛ እኩሌታ» ሀ/2፣ «የእኩሌታችን እኩሌታ» ደግሞ የግማሹ ግማሽ ስለሆነ ሀ/4 ነው። «አንተ» አንድ ሰው ነው፣ ስለዚህ 1። «መቶ እንሞላለን» የእኩል ምልክቱን ይዞ ይመጣል፦

ሀ + ሀ + ሀ/2 + ሀ/4 + 1 = 100

ክፍልፋዮቹን ለማስወገድ ሁሉንም በ4 እናባዛለን፤ 4ሀ + 4ሀ + 2ሀ + ሀ + 4 = 400 ይሆናል። ተመሳሳዮቹ ሲሰበሰቡ 11ሀ + 4 = 400፣ ከሁለቱም ወገን 4 ሲቀነስ 11ሀ = 396፣ ለ11 ሲካፈል ሀ = 36። ማረጋገጫው በእኩልታው ሳይሆን በራሱ በእንቆቅልሹ መደረግ አለበት፤ 36፣ ሌላ 36፣ 18፣ 9 እና መንገደኛው ሲደመሩ ልክ 100 ይሞላሉ። በ4 ሲያባዛ ያቺን 1 የረሳ ተማሪ 11ሀ + 1 = 400 ላይ ደርሶ 36 ወፍ ከምናምን ያገኛል፤ ወፍ ተሸርፎ ስለማይቆጠር ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል።

(በነገራችን ላይ «እኩሌታ» ግማሽ ነው፣ «እኩልታ» ደግሞ ሁለት ወገን እኩል መሆናቸውን የሚገልጽ የሂሳብ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በፈተና ወረቀት ላይ ሲቀያየሩ ይታያሉ።)

ምልክት ሳይኖር በቃላት ብቻ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል-ኸዋሪዝሚ ስለ እኩልታ ሲጽፍ ፊደልና ምልክት አልተጠቀመም፤ ሁሉንም በዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስረዳው፣ ያልታወቀውንም ቁጥር «ነገር» ይለው ነበር። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው እሱ «አል-ጀብር» ካለው ሥራ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ወገን የተቀነሰውን በሁለቱም ወገን ደምሮ መመለስ ማለት ነው። ሀ − 7 = 15 ላይ ሁለቱም ወገን 7 ስንጨምር የምንሠራው ይህንኑ ነው። የእኩል ምልክቱ (=) በእንግሊዝ አገር የታየው እ.ኤ.አ. በ1557 ነው።

አሁን ወደ «ሀ = ወፎች» ችግር እንመለስ። «በአንድ ትምህርት ቤት ለአንድ መምህር 30 ተማሪዎች ይደርሳሉ» የሚለውን ተ እና መ በሚሉ ፊደላት ጻፉ ሲባል በርካታ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ 30ተ = መ ብሎ ይጽፋል። ዓረፍተ ነገሩ «30 ተማሪ፣ 1 መምህር» የሚል ስለሚመስል 30 ከተ አጠገብ ይለጠፋል። ተ «ተማሪ» ሳይሆን «የተማሪዎች ብዛት» መሆኑ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ፈተናው ቀላል ነው፤ መምህራኑ 10 ቢሆኑ ተማሪዎቹ 300 መሆን አለባቸው፣ 30 × 300 ደግሞ 10 አይሆንም። ትክክለኛው ተ = 30መ ነው፤ ትንሹን ቁጥር አባዝተን ነው ትልቁን የምናገኘው።

ከሱቅ የመጣ ጥያቄ ደግሞ እንይ። «አንድ ዕቃ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ በ2,300 ብር ተሸጠ። ታክሱ ከመጨመሩ በፊት ዋጋው ስንት ነበር?» ብዙ ሰው የ2,300ን 15 በመቶ 345 ብር አድርጎ አስልቶ፣ ቀንሶ 1,955 ይላል። ይህን መልስ መልሰን ብንፈትሸው የ1,955 ብር 15 በመቶ 293.25 ስለሆነ ድምሩ 2,248.25 ይሆናል፤ 51.75 ብር ጎድሏል። ስህተቱ ያለው «የ» ላይ ነው፤ 15 በመቶ የምን? ታክሱ የሚሰላው ከመነሻው ዋጋ ላይ እንጂ ታክሱን ከያዘው ዋጋ ላይ አይደለም። መነሻ ዋጋውን ሀ ስንለው ሀ + 0.15ሀ = 2,300፣ ማለትም 1.15ሀ = 2,300 ይሆናል፤ ሀ 2,000 ብር፣ ታክሱም 300 ብር ነው።

ያልታወቁት ሁለት ሲሆኑ ሁለት ፊደል ለማምጣት መቸኮል አያስፈልግም፤ ድምራቸው ከተሰጠ አንዱ በሌላው ይገለጻል። ኪሎው 140 ብር የሆነ ነጭ ጤፍ እና ኪሎው 110 ብር የሆነ ሰርገኛ ጤፍ ተቀላቅለው ኪሎው 120 ብር የሚያወጣ 45 ኪሎ ድብልቅ ይዘጋጅ ቢባል (ዋጋው ለልምምድ የተወሰደ ነው)፣ ነጩ ሀ ኪሎ ከሆነ ሰርገኛው 45 − ሀ ኪሎ ነው። 140ሀ + 110(45 − ሀ) = 120 × 45 ብለን ስንፈታ 30ሀ = 450 እናገኛለን፤ ነጩ 15 ኪሎ፣ ሰርገኛው 30 ኪሎ ይሆናል።

የዕድሜ ጥያቄ የራሱ ወጥመድ አለው። «እናት 40 ዓመቷ ነው፣ ልጇ 16 ዓመቱ ነው። የእናቲቱ ዕድሜ የልጇ ዕድሜ ሦስት እጥፍ የሚሆነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው?» ዓመት ለእናቲቱ ብቻ አያልፍም፤ ሀ ዓመት ሲያልፍ እናቲቱ 40 + ሀ፣ ልጁም 16 + ሀ ይሆናሉ። ሦስት እጥፉ የሚወሰደው ከሙሉው ዕድሜ ስለሆነ ቅንፉ ግድ ነው፦ 40 + ሀ = 3(16 + ሀ)። ሲዘረዘር 40 + ሀ = 48 + 3ሀ፣ ከዚያ −8 = 2ሀ፣ ሀ = −4 ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «ተበላሸ» ብሎ ይሰርዛል ወይም የመቀነስ ምልክቷን አጥፍቶ 4 ብሎ ይጽፋል። ስሌቱ ግን አልተበላሸም። «ከ−4 ዓመት በኋላ» ማለት ከ4 ዓመት በፊት ማለት ነው፤ ያኔ እናቲቱ 36፣ ልጇ 12 ዓመት ነበሩ።