የዊልያም ከለን ብራያንትን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጻፍ?

ብራያንት አሜሪካዊ ገጣሚ፣ ጠበቃና የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። የሕይወት ታሪኩን ስትጽፉ መጀመሪያ የዘመን ሰንጠረዥ አዘጋጁ። ሦስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ጥብቅናው፣ ጋዜጣው፣ ግጥሙ። ሦስቱ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ «ጥብቅናን ትቶ ጋዜጠኛ ሆነ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መገላገል ይመጣል፤ ሽግግሩ ግን ዓመታት ፈጅቷል።

ብራያንት በ1815 (ከዚህ በታች ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጥብቅና ፈቃድ አግኝቶ በማሳቹሴትስ ግዛት በፕሌንፊልድና በግሬት ባሪንግተን ከተሞች ሠራ። በ1824 ለደንበኛው ያስፈረደውን የስም ማጥፋት ካሳ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በክሱ አጻጻፍ ጉድለት ምክንያት ሻረበት፤ ቀድሞም ያልወደደው ሙያ ይበልጥ መረረው። በ1825 ኒውዮርክ ገብቶ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። በ1826 የኒውዮርኩ ጋዜጣ የኢቭኒንግ ፖስት አዘጋጅ ዊልያም ኮልማን በሠረገላ አደጋ ሲጎዳ ለእገዛ ተጠራ። ዋና አዘጋጅ የሆነው ኮልማን በ1829 ከሞተ በኋላ ነው፤ በ1878 እስኪሞትም ከጋዜጣው አልተለየም። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱንም አትዝለሉ።

ከሁሉ የሚከብደው የጋዜጣው ርእሰ አንቀጽ ነው፤ ፊርማ የለበትምና። ጋዜጣው የታተመበትን ቀን ብራያንት በዚያ ቀን ከነበረበት ቦታ ጋር አመሳክሩ። ለምሳሌ ከ1834 አጋማሽ እስከ 1836 መጀመሪያ አውሮፓ ነበር፤ በዚያ ጊዜ አብዛኛውን ጋዜጣውን የመራው ባልደረባው ዊልያም ሌጌት ነው። የሌጌትን ቁጡ ጽሑፎች ለብራያንት መስጠት የሁለቱንም መልክ ያበላሻል። ያለበትን ቦታ ለማወቅ የታተሙት ደብዳቤዎቹ ከማንኛውም ማጠቃለያ ይሻላሉ። አማቹ ፓርክ ጎድዊን በ1883 ያሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ የሕይወት ታሪክም ደብዳቤዎችን ስለያዘ ይጠቅማል፤ ሆኖም ጎድዊን ዘመዱም የጋዜጣው ባልደረባም ስለነበር ፍርዱን በሌላ ምስክር አጣሩ።

ስለ ሞት በጻፈው ዝነኛ ግጥሙ «ታናቶፕሲስ» ላይ የትኛውን እትም እንደምትጠቅሱ ግለጹ። በ1817 ኖርዝ አሜሪካን ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ ሲወጣ የግጥሙ ያልሆኑ አራት አንጓዎች ከፊቱ ተለጥፈውበት ነበር፤ የታወቀው መግቢያና መዝጊያ የተጨመረው በ1821 መጽሐፉ ነው። የ1821ን መዝጊያ ጠቅሶ «በአሥራዎቹ ዕድሜው እንዲህ አሰበ» ማለት ስሕተት ነው፤ ያኔ 26 ዓመቱ ነበር።

ፖለቲካውንም በአንድ ስም አትጥሩት፤ የአንድሩ ጃክሰን ደጋፊ ዴሞክራት ነበር፣ በ1848 የባርነትን መስፋፋት ከሚቃወመው ከፍሪ ሶይል ፓርቲ ወገን ቆመ፣ በኋላ ሪፐብሊካን ሆነ፤ በፌብሩዋሪ 1860 አብርሃም ሊንከንን በኒውዮርኩ የኩፐር ዩኒየን አዳራሽ ለተሰብሳቢው ያስተዋወቀውም እሱ ነው።

ዘመኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱ ከሁሉም ላይ 8 አትቀንሱ። ልደቱ ኖቬምበር 3 ቀን 1794 ስለሆነ 7 ተቀንሶ 1787 ዓ.ም. ይሆናል፤ ሞቱ ጁን 12 ቀን 1878 ስለሆነ 8 ተቀንሶ 1870 ዓ.ም.። ወሩ ካልታወቀ የአውሮፓውያኑን ዓመት እንዳለ ተዉትና «እ.ኤ.አ.» ጨምሩበት።