የድሮ ሰዓት ፊትና ቆጣሪ ስንቀይር የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ፊቱና ቆጣሪዎቹ (በፊቱ ላይ የሚዞሩት የሰዓት፣ የደቂቃና የሰከንድ ጠቋሚዎች) የተቀየሩለት የድሮ የእጅ ሰዓት ቢቆም፣ ወደ ኋላ ቢቀር ወይም ቀኑን ያለ ጊዜው ቢለውጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማሽኑን ነው። ከመከፈቱ በፊት ደህና ይሄድ ከነበረ ግን ጥርጣሬው መጀመር ያለበት ከተነካው ነገር ነው፤ እሱም ፊቱ፣ ቆጣሪዎቹና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው። ከታች የማነሳቸው ችግሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጡት ከዚያች የሚሊሜትር ሽርፍራፊ ከሆነች ክፍተት፣ ከቀዳዳ ልክ ወይም ቆጣሪው ከተጫነበት ቦታ ነው።

የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱና ከመሰል የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ሆኖ፣ መስኮት ስር ባለች ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ነው። አጉሊ መነጽር፣ ጫፉ ያልተጣመመ ወረንጦ፣ ቆጣሪ ማንሻ፣ ቆጣሪ መጫኛና በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ ያስፈልጋል። ቆጣሪ በቢላ ጫፍ ሲነቀል በብዛት አይቻለሁ፤ ፊቱ ላይ የሚቀረው ጭረት አይጠፋምና እባካችሁ ተዉት። በማንሻም ቢሆን ስስ ፕላስቲክ ከስር አንጥፉ።

ይሄድና ይቆማል

ሳትነኩት የቆመበትን ቦታ ፎቶ አንሱ። ሰዓት ቆጣሪውና ደቂቃ ቆጣሪው በ12 ሰዓት ውስጥ 11 ጊዜ ይደራረባሉ፦ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት ከ11፣ 3 ሰዓት ከ16 ገደማ እያለ ይቀጥላል። የቆመው ከእነዚህ በአንዱ አካባቢ ከሆነ ሁለቱ እየተነካኩ ነው። ሰዓት ቆጣሪው ከፊቱ ከፍ ብሎ ከተለጠፈ ምልክት አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ምልክቱን እየነካ ነው። ማሽኑ ከሰዓቱ ማቀፊያ ቤት ውጭ ሲሆን ቀኑን ሙሉ እየሄደ፣ ቤቱ ውስጥ ሲገባ የሚቆም ከሆነ ግን ሰከንድ ቆጣሪው መስታወቱን ነክቷል፤ መስታወቱን ገልብጣችሁ በብርሃን ብታዩት ክብ የሆነች ቀጭን ጭረት ልታገኙ ትችላላችሁ።

መፍትሄው ማሽኑን በዓይን ቁመት ይዞ፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት አድርጎ፣ ከጎን ማየት ነው። ሦስቱም ቆጣሪዎች ከፊቱ ጋርም እርስ በርስም ትይዩ መሆን አለባቸው። በሰዓት ቆጣሪውና በፊቱ መካከል ቢያንስ አንድ የደብተር ወረቀት ሳይነካ ማለፍ አለበት። የተጣመመ ቆጣሪ ካለ ነቅላችሁ አስተካክሉት እንጂ ዘንጉ ላይ እንዳለ አታቃኑት። ጉልበቱ የሚያርፈው ዘንጉ ላይ ነው።

እኛ አካባቢ ለዚህ ችግር ዋናው ምክንያት ተለጣፊ ፊት ነው። ከ፩ እስከ ፲፪ የግዕዝ ቁጥር ያለበት ፊት የሚወድ ብዙ ሰው ስላለ፣ ማተሚያ ቤት በተለጣፊ ወረቀት አሳትሞ በዋናው ፊት ላይ መለጠፍ ተለምዷል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ሰዓታችንን በራሳችን ቁጥር ማንበብ ደስ ይላል። ነገር ግን የፊት ውፍረት በአብዛኛው ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው፤ ተለጣፊው ትንሽ እንኳ ሲጨምርበት ሰዓት ቆጣሪው የሚይዝበት ቱቦ በዚያው ልክ ያጥራል። ስለዚህ ቆጣሪው ወይ ላላ ብሎ ይቀመጣል፣ ወይ ወረቀቱን እየፋቀ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ ደግሞ የመሃል ቀዳዳው ዙሪያ ይነሳና ቆጣሪውን ይይዘዋል። መፍትሄው የመሃል ቀዳዳውን ከቱቦው በደንብ አስፍቶ መቁረጥ፣ ጠርዙን ከፊቱ ጠርዝ ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአባት የእናት ሰዓት ከሆነ ዋናው ፊት ላይ አለመለጠፍ ነው። ማጣበቂያው ሲነቀል ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልጋችሁ፣ ማሽኑ የሞተ ሰዓት ላይ ካለ ተመሳሳይ ፊት ላይ ለጥፉ፤ ዋናውን በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ደቂቃው ወደ ኋላ ይቀራል

እዚህ ላይ ሁለት በሽታ አለ፤ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል። ሰዓት ቆጣሪውና ደቂቃ ቆጣሪው ተስማምተው አብረው ወደ ኋላ ከቀሩና ሰከንዱ ብቻ በትክክል ከዞረ፣ የላላው ደቂቃ ቆጣሪው የሚሰካበት ቱቦ መሰል ጥርስ (ባለ ጥርስ ተሽከርካሪ) ነው። እሱ ማሽኑ ላይ ቆንጠጥ ብሎ መያዝ አለበት፤ ይህን ለሰዓት ሠሪ ስጡ። ሰዓት ቆጣሪው ትክክል ሆኖ ደቂቃው ብቻ ካልተስማማ፣ ለምሳሌ ሰዓት ቆጣሪው በ4 እና በ5 መካከል አጋማሽ ላይ ሆኖ ደቂቃ ቆጣሪው 12 ላይ ከሆነ፣ ጥፋቱ የቆጣሪው ቀዳዳ ነው፤ ሰፍቷል።

የቀዳዳ ልክ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለያየ ነው። ብዙ የሴኮ ፋይቭ ሰዓቶች ውስጥ ያለው 7ኤስ26 የሚባለው ማሽን ለሰዓት ቆጣሪው 1.50፣ ለደቂቃው 0.90፣ ለሰከንዱ 0.20 ሚሊሜትር ነው። የሶቪየት ሥሪት የሆኑትን የቮስቶክ ወይም የራኬታ ሰዓቶች ቆጣሪ ከፊቱ ጋር ያምራል ብሎ እዚያ ላይ መጫን ውጤቱ ወይ መላላት ወይ መሰንጠቅ ነው። በትንሹ የላላን የሰዓት ቆጣሪ ቱቦ በወረንጦ ዙሪያውን በስሱ ጫን ጫን ማድረግ ይበቃዋል። ሙጫ ግን በፍጹም አታስገቡ፤ ቱቦውን ተከትሎ ወርዶ ጥርሶቹን ያያይዛል፣ ያን ጊዜ ማሽኑ ሁሉ መፈታት ግድ ይሆናል።

ሰከንድ ቆጣሪው አልገባም ወይም ይወድቃል

0.20 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ ላይ ቀዳዳ ማሳረፍ ከዚህ ሥራ ሁሉ ከባዱ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል። ቆጣሪውን ዘንጉ ጫፍ ላይ አስቀምጡ፣ ከላይም ከጎንም በአጉሊ መነጽር ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ ብቻ ጫን አድርጉ። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አልገባም ካለ ቀዳዳው ጠቧል ማለት ነው፤ ጉልበት አትጨምሩ፤ ዘንጉ ይጣመማል ወይም ይሰበራል፣ የሚቀየረውም ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ነው። ማሽኑ ከስር ጠፍጣፋ ማስቀመጫ ላይ መደገፉንም አትርሱ።

ቀኑ ያለ ጊዜው ይለወጣል

ቀን የሚያሳይ ሰዓት ላይ ቆጣሪ ሲነቀልና ሲጫን ሰዓት ቆጣሪው የፈለግንበት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፤ ቀን የሚያዞረው ጥርስ ግን የራሱ ሰዓት አለው። ቀኑ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት የሚለወጥ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። የተለመደው መፍትሄ ቆጣሪ ሳይጫን መሙያውን (ከሰዓቱ ጎን ያለውን ማዞሪያ) ስቦ ወደ ፊት ቀስ እያሉ ማዞር፣ ቀኑ ዘሎ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ማቆም፣ ከዚያ ሁሉንም ቆጣሪ 12 ላይ መጫን ነው።

ይህ መፍትሄ ግን የታሰበው እኩለ ሌሊትን 12 ብሎ ለሚቆጥር ሰው ነው። እኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር የሚሞላ ሰው ቆጣሪውን 12 ላይ ካስጫነ፣ ቀኑ የሚለወጥለት ወይ ምሽት 12 ሰዓት ወይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ለምዶት ይኖራል፤ «ሰዓቴ ቀኑን ማታ ይቀይራል» ይላል፣ እንደ ብልሽትም አይቆጥረውም። ቆጣሪው ከተነቀለ አይቀር ግን ማስተካከል ይቻላል፦ ቀኑ ሲዘል ሰዓት ቆጣሪውን 6 ላይ፣ ደቂቃውን 12 ላይ ጫኑ። በቃ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ቆጣሪው ሁለቴ 6 ላይ ስለሚደርስ፣ ስትሞሉት ቀኑ የዘለለው በየትኛው 6 ላይ እንደሆነ አስተውሉ። በቀን 6 ሰዓት ከዘለለ 12 ሰዓት ወደ ፊት አዙሩት። ፊትና ቆጣሪ ከመቀየር ጋር ከሚመጣው ጥቅም ሁሉ ለኔ ትልቁ ይኸኛው ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያ አለው። ቀኑን በመሙያው በፍጥነት መለወጥ የሚከለከልበት ጊዜ አብሮ ይዞራል፤ ቆጣሪው ምሽት ከ3 እስከ ሌሊት 10 ሰዓት ባለው ውስጥ ሲሆን አትሞክሩ፣ ጥርስ ሊሰበር ይችላል። ቮስቶክ 2414 የሚባለው ማሽን ቀኑን በፍጥነት መለወጫ የለውም፤ ከ6 ወደ 2 ገደማ መልሶ እንደገና 6ን በማሳለፍ ነው የሚለወጠው። በመጨረሻም ቆጣሪው 6 ላይ መጫኑን ክዳኑ ውስጥ በቀጭን ማርከር ጻፉበት፤ ነገ የሚከፍተው ሰዓት ሠሪ ስህተት መስሎት ወደ 12 ይመልሰዋል።

ቀኑንም በእኛ ዘመን አቆጣጠር የሚከታተል ሰው ካለ፣ የቀን ቀለበቱ ላይ 31 ቁጥሮች ስላሉ በየወሩ 30 ሲያልቅ 31ን በእጅ ማሳለፍ አለበት፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ላይ ሲያልቅ ደግሞ እስከ 1 ድረስ ያዞረዋል።

ፊቱ ይንቀሳቀሳል፣ የቀኑ መስኮት ጎን ሆኗል

ከፊቱ ጀርባ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉ። በብዙ የስዊስና የሶቪየት ማሽኖች ላይ ከጎን ባሉ ትንንሽ ብሎኖች ይያዛሉ፤ ብሎኖቹን አላሉ እንጂ አታውጧቸው፣ ጠፍተው አይገኙም። 7ኤስ26 ላይ ግን እግሮቹ ገብተው የሚይዙት በመጥበቅ ነው። አዲስ የገዛችሁት ፊት እግሩ አልገጥም ካለ መሙያው የት እንዳለ እዩ፦ መሙያው 3 ላይ ላለ ሰዓት የተሠራ ፊት፣ መሙያው ወደ 4 ዝቅ ላለው እግሩ አይገጥምለትም። አንዳንዱ እግሩን ቆርጦ በሁለቱም ገጹ በሚያጣብቅ ተለጣፊ ያጣብቀዋል። ለአዲስ ርካሽ ፊት ይሁን፤ የድሮ ዋና ፊት እግር ግን አይቆረጥም።

መስታወቱ ስር አቧራ ወይም ጉም

በበጋ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ሥሩ፣ ወለሉን አስቀድማችሁ በእርጥብ ጨርቅ አብሱ፣ ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሳችሁ አትቀመጡ፤ የጥጡ ብናኝ በቀጥታ ፊቱ ላይ ያርፋል። ያረፈውን በአየር መንፊያ አስነሱ። የድሮ ፊት በአልኮል ወይም በውሃ ከተጠረገ ጽሑፉ ይለቃል። በክረምት ደግሞ አቧራው የለም፣ እርጥበቱ አለ፤ ዝናብ እየዘነበ የተዘጋ ሰዓት በማግስቱ ብርድ ላይ መስታወቱ ጉም ይለብሳል። ክፈቱት፣ ደረቅና ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አቆዩት፣ የክዳኑን ጎማ በአዲስ ቀይሩና ዝጉ።

በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ ይፈጥናል

ወረንጦው ወይም ካቻቢቴው ማግኔት ይዞ ይሆናል። ሰዓቱን ወደ ኮምፓስ አስጠጉ፤ መርፌዋ ከተንቀሳቀሰች የማግኔት ማጥፊያ ያለው ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰዱት።

በጨለማ የሚያበራው ቀለም ይረግፋል

ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ በተሠሩ ብዙ ሰዓቶች ላይ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ራዲየም አለበት። ማብራቱን ያቆመው የሚያበራው ንጥረ ነገር ስላረጀ ነው፤ የራዲየሙ ግማሽ ዕድሜ ግን 1600 ዓመት ስለሆነ ጨረሩ አሁንም አለ። እንዲህ ያለ ቡናማ የሆነ ቀለም ያለበትን ቆጣሪ ወይም ፊት አትፋቁ፣ አትንፉበት፣ በአየር መንፊያም አታስነሱት። ብናኙ ከተነፈሱት ወይም ከዋጡት አደጋ አለው። ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አይከፈት፤ የረገፈውን በእርጥብ ወረቀት አንሱና በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡት፣ እጃችሁን ታጠቡ። እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ቆጣሪ መቀየር ካስፈለገ ጉዳዩን ለሚያውቅ ሰዓት ሠሪ መስጠት ይሻላል፤ ስትሰጡትም ራዲየም ሊኖርበት እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት።