ዳውንሎድ ያደረግነው ፋይል የት ገባ? የሊኑክስ ፎልደሮች ሲዛቡ

ችግር፦ ኮምፒውተሩን ስትከፍቱ ዴስክቶፑ ላይ ዶክመንትስ፣ ሚዩዚክ፣ ፒክቸርስ ሁሉም ተዘርግፈዋል። ወይም ብራውዘሩ ያወረደውን ሁሉ ሆም ፎልደር (የግል ፋይሎቻችሁ ሁሉ ያሉበት ዋናው ፎልደር) ውስጥ ይበትነዋል።

ብዙ ሰው ወዲያው የብራውዘሩን ሴቲንግ መነካካት ይጀምራል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደለም።

ምክንያት፦ እንደ ኡቡንቱና ፌዶራ ባሉ ሲስተሞች ላይ ኤክስዲጂ ዩዘር ዲርስ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። አሌክሳንደር ላርሰን በ2007 በፍሪዴስክቶፕ ፕሮጀክት ስር ያወጣው ነው። ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስ፣ ዶክመንትስ እያለ የተለመዱ ፎልደሮችን አድራሻ አንድ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ፕሮግራሞቹ አድራሻውን ከዚያ ያነባሉ። ሎግ ኢን ባደረጋችሁ ቁጥር መሣሪያው መዝገቡን ይፈትሻል። የተመዘገበውን ፎልደር ካጣው መልሶ አይፈጥረውም፤ አድራሻውን ወደ ሆም ያዞረዋል። ዴስክቶፕ የሚባለውን ፎልደር አጥፍታችሁት ከነበረ፣ አሁን ዴስክቶፑ ላይ የምታዩት ሆም ፎልደራችሁን ነው።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ የጠፋውን ፎልደር በቦታው ፍጠሩ። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ፤ ፎልደሩ ሳይኖር መዝገቡን ብታስተካክሉ በሚቀጥለው ሎግ ኢን ይበላሻል። ከዚያ ሆም ውስጥ ገብታችሁ ኮንትሮልና ኤች ተጫኑ፤ የተደበቁት ይታያሉ። ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ኮንፊግ ፎልደር ክፈቱ። ውስጡ ዩዘር ዲርስ የሚለውንና መጨረሻው እንደገና ዲርስ የሆነውን ፋይል (user-dirs.dirs) በቴክስት ኤዲተር ክፈቱት። የተዛባውን መስመር ፈልጉና ትእምርተ ጥቅሱ ውስጥ የፎልደሩን ስም ጨምሩ። አድራሻው የዶላር ምልክት ባለው ሆም ($HOME) ወይም በስላሽ (/) መጀመር አለበት። ተርሚናል ላይ የለመድነው የቲልዴ ምልክት (~) እዚህ አይሠራም። ሴቭ አድርጋችሁ ሎግ አውት በሉና ተመለሱ።

አስተካክላችሁት እንደገና ከተበላሸ፣ ፎልደሩ ሌላ ፓርቲሽን (ተለይቶ የተከፈለ የዲስክ ክፍል) ላይ ይሆናል። ሎግ ኢን ስታደርጉ ዲስኩ ገና ማውንት ካልሆነ (ማለትም ሲስተሙ ከፍቶ ካላያያዘው)፣ መሣሪያው ፎልደሩ ጠፍቷል ብሎ ይደመድማል። ዲስክስ የሚለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ፣ ፓርቲሽኑ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ማውንት እንዲሆን አድርጉ። ተነቃይ ሃርድ ዲስክ ላይ ግን እነዚህን ፎልደሮች ባታስቀምጡ ይሻላል።

ችግር፦ ቋንቋ ከቀየራችሁ በኋላ ሁለት ሁለት ፎልደር መጣ። አውሮፓ ያላችሁ ይህ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም፤ ዳውንሎድስ አለ፣ አጠገቡ በፈረንሳይኛ ቴሌሻርዥማን አለ።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ጂኖም በሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ቋንቋ ሲቀየር፣ የፎልደሮቹ ስም አብሮ ይቀየር ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካላችሁ አዲስ ፎልደር ይፈጥራል፤ የድሮው ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ግን አያዛውርም። እናንተው በእጃችሁ አዛውሩና ባዶውን አጥፉ። እኔ የድሮው ስም ይቆይ የሚለውን ብትመርጡ እላለሁ። ባክአፕ የሚያደርግ ስክሪፕት ካላችሁ በድሮው ስም ይፈልጋል።

ችግር፦ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ አንድ ፕሮግራም ብቻ ያፈነግጣል።

መዝገቡን አትንኩት። ፕሮግራሙ የራሱ ሴቲንግ ላይ የተመረጠ ቦታ ካለ ያንን አስተካክሉ። ፕሮግራሞችን ከቀረው ሲስተም ነጥሎ በሚጭነው በፍላትፓክ የተጫነ ከሆነ ደግሞ ፎልደሩን የማየት ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። እነዚህን ፈቃዶች የሚያስተካክለውን ፍላትሲል የሚባለውን ፕሮግራም ጭናችሁ የሚፈልገውን ፎልደር ብቻ ፍቀዱለት፤ ሙሉ ሆሙን አትክፈቱለት።